ሴራሚክ ወይስ ሊሾ?

ሰፈሩን አልናገርም፤ ጋሼ ይቀየሙኛል። ባሕር ዳር ነው ብቻ ልበል። ከጓሯቸው አጥር ተነስቶ ጣና ዳር ለመድረስ የተቀዳ ቡና እስኪበርድ ያለው ጊዜ ይበቃል። በዚያ ጓሮ ውስጥ አሥር ሜትር በአምስት ሜትር የሆነ የመዋኛ ገንዳ አለ። የተሠራው ለሚሊኒየሙ ነው። 2000 ዓ.ም. ሊገባ ሰሞን አገሩ ሁሉ የሆነ ነገር ይሠራ ነበር፤ አንዱ ፎቅ፣ አንዱ ሐውልት፣ አንዱ ሦስተኛ ልጅ። ጋሼ ገንዳ ሠሩ።

ከዚያ ወዲህ በገንዳው ውስጥ ሲዋኝ በዓይኔ ያየሁት ፍጡር እንቁራሪት ብቻ ነው። ጋሼ ዋና አይችሉም። እትዬ ውሃ ይፈራሉ። ልጆቹ ዋና የተማሩት አሜሪካ ከገቡ በኋላ ነው። እኔም ከጉልበቴ በላይ ገብቼ አላውቅም። ገንዳው ሥራ ፈት ነበር ማለቴ ግን አይደለም። ሙሽሮች ፎቶ ተነስተውበታል፣ በልደት ፊኛ ተንሳፎበታል፣ አንድ ጊዜ ለቅሶ ሲደርስም ድንኳኑ የት ይተከል በሚል ግማሽ ቀን አጨቃጭቋል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ጋሼ በእጃቸው ወደ ጓሮ እያመለከቱ «እዚያ ጋ እንኳ ፑሏ ናት» ይላሉ፤ ስለማትረባ አሮጊት ላም እንደሚያወሩ ዓይነት፣ ትሕትና በተቀባ ኩራት።

አሁን ገንዳው አርጅቷል። ሰማያዊው ቀለም ተላልጧል፣ ልስኑ እንደ አደረ እንጀራ ጠርዝ ጠርዙን ተነስቷል፣ ከደረጃው ሥር ደግሞ ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ አለ። እናስ? እንደገና ይለሰን? ሴራሚክ ይልበስ? ወይስ ይደፈን? ጥያቄው ከፋሲካ ማግስት ተነስቶ ይኸው ነሐሴ ገባ። በየእሑዱ ቡና ይፈላል፣ ወንበር ወደ ገንዳው ዞሮ ይደረደራል፣ ሁላችንም አስታማሚ እንደከበበው በሽተኛ ቁልቁል እናየዋለን።

ሐሳብ አልጠፋም። ባንክ የሚሠራው የእትዬ ወንድም «ይደፈንና አራት የሚከራይ ክፍል ይሠራበት» ይላል፤ እሱ ባዶ ቦታ ሲያይ ኪራይ ይታየዋል። የጋሼ አጎት ልጅ ቆሮሶ ይርባበት ባይ ነው። ጣና አጠገብ ተቀምጦ ቆሮሶ ለማርባት ገንዳ ማደስ ዘጌ ላይ ቡናን በጣሳ እንደ መትከል ነው ብዬ ነበር፤ «አንተ ቢዝነስ አይገባህም» ተባልኩ። ከሜሪላንድ በቪዲዮ የሚገባው ትልቁ ልጅ በበኩሉ እዚያ ያለው ፋሽን ደቃቅ ጠጠር የተቀላቀለበት ልስን እንደሆነ፣ ከ15 ዓመት በላይ እንደሚቆይ፣ ቀለም ግን በሁለት ሦስት ዓመቱ እንደሚላጥ ያስረዳል። ስልኩ በገንዳው ዙሪያ እየዞረ ልጁ ጠርዝ ጠርዙን ይመረምራል። መሐል ላይ ኔትወርክ ሲቆረጥ አፉን እንደከፈተ ይቀራል፤ እኛም ከሱ ጋር።

እኔስ? ለሴራሚክ ድምፄን ሰጥቻለሁ። ለምን እንደሆነ ብጠየቅ መልስ የለኝም። ሰው ሁሉ ሲሰጥ ዝም ማለት ነውር መስሎኝ ነው።

በአራት ወር ጉባኤ ውስጥ «የሚዋኘው ማነው?» ብሎ የጠየቀ የለም። እኔም አልጠየቅኩም። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሠርግ ቤት ገብቶ «ለመሆኑ ይዋደዳሉ?» እንደ ማለት ነው፤ ከድግሱ ያስወጣል።

አንድ ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ሒሳብ ሠራሁ። የጋሼ ገንዳ ሞልቶ ቢገኝ 75 ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። ጣና 28 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ይይዛል። ለእያንዳንዱ ኢትዮጵያዊ የጋሼን የሚያህል ሁለት ሁለት ገንዳ ቢታደል ጣና ለሁሉም አዳርሶ ይተርፈዋል ማለት ነው። ስለ አባይ ልጅ የሚተረተውን ታውቁታላችሁ፤ አልደግመውም። የጋሼ ግን ጥማት አይደለም። ውሃው በቁልፍ የሚዘጋ፣ ሰማያዊ፣ የራሳቸው እንዲሆን ነው የፈለጉት።

ለፍትሕ ያህል፣ ጋሼም ምክንያት አላቸው። በሐይቁ ዳር ዳር በቀንድ አውጣ በኩል የሚተላለፍ ቢልሃርዝያ አለ፤ ዘው ብሎ መግባት አይመከርም። አባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት ጠጋ ሲሉም ጉማሬ አለ፤ እሱ መዋኛውን ከማንም ጋር መጋራት አይወድም። «ገንዳ ውስጥ ጉማሬ የለም» ይላሉ ጋሼ። እውነት ነው። ሰውም የለም እንጂ።

በመጨረሻ ባለሙያ ይምጣ ተባለ። የመጡት ሽማግሌ ግንበኛ ናቸው፤ የጎንደር ሰው። ቡናውን በትዕግሥት ጠጥተው ጫማቸውን አወለቁና ውሃው ወደጎደለበት ደረጃ ወረዱ። በካዞላቸው እጀታ ግድግዳውን ማንኳኳት ጀመሩ። ቅ፣ ቅ፣ ቅ። ከዚያ ድም። እንደገና ቅ፣ ቅ፣ ድም፣ ድም። ጆሯቸውን ወደ ልስኑ አስጠግተው እንደ ሐኪም ያዳምጣሉ። «ቅ» ያለው ልስኑ አርማታውን እንደያዘ ነው። «ድም» ያለው ለቆታል፤ ከኋላው አየር ገብቷል። ከጥልቁ ጫፍ ሲደርሱ ሙሉው ግድግዳ የጥምቀት ከበሮ ሆነ።

«ታዲያ በላዩ ላይ ሴራሚኩን መለጠፍ ነዋ፤ ይሸፍነዋል» አሉ ጋሼ።

ግንበኛው ቀና ብለው አይዋቸው። «ጋሼ፣ የለቀቀ ልስን ላይ ሴራሚክ ቢለጥፉ ሴራሚኩ የሚይዘው ልስኑን ነው። ልስኑ የሚይዘው ማንን ነው?»

ዝም አልን። ሽማግሌው ጨዋታ ሲደራላቸው የአገራቸውን አወሩን። የፋሲል መዋኛ ከ350 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሴራሚክ አልለበሰም። ድንጋይና ኖራ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ ውሃ ይሞላል፣ ታቦት ያድርበታል፣ ከተባረከ በኋላ ጎረምሳው ልብሱን ጥሎ ይዘልበታል። በያንዳንዷ ጥምቀት የሚዋኝበት ሰው የጋሼ ገንዳ በዕድሜው ካየው ሁሉ ይበልጣል (ይህን ያልኩት በልቤ ነው)። ጣሊያን አገሩን በያዘ ጊዜ የነገሥታቱን ግቢ ሕንፃዎች በሲሚንቶና በአርማታ ጠጋግኗቸው ነበር፤ ኋላ የመጡት አዳሾች ያንን እየነቀሉ ወደ ኖራው መለሷቸው። «ኖራ ይተነፍሳል፤ ሲሚንቶ ያፍናል» አሉ ግንበኛው፤ እንደገና ድም አደረጉ።

ምክራቸው አጭር ነበር። መጀመሪያ ውሃው ይውጣ፣ የለቀቀው ልስን ሁሉ ይነሳ፣ ስንጥቁ ይታከም፣ ከዚያ በኋላ ሊሾም ይሁን ሴራሚክ እንደ ኪስ ነው። ጋሼ ጊዜ አላጠፉም። «ፓምፕ አምጣ!» ብለው ዘበኛውን ጠሩ።

«አሁን አይሆንም» አሉ ግንበኛው። «በነሐሴ ባዶ ገንዳ ማለት ታንኳ ነው።»

እኛ ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም። ሐይቁ ዳር ጉድጓድ ሲቆፈር ውሃ ቶሎ ይገናኛል፤ በክረምት እንዲያውም ሳይፈልጉት ራሱ ይመጣል። ገንዳው ሲሞላ የውስጡ ውሃ ቁልቁል ይጫነዋል፤ ባዶ ሲሆን ከሥር ያለው ውሃ ሽቅብ ይገፋዋል። ቤቴ ገብቼ አሰላሁት፤ ግድግዳውና ወለሉ 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ካላቸው ገንዳው 45 ቶን ያህል ይመዝናል። የከርሰ ምድሩ ውሃ ከወለሉ 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ካለ ያንን ሁሉ አርማታ ሊያነሳው ይችላል። ለዚህ ነው አዋቂዎች ወለሉ ላይ ግፊቱን የሚያስተነፍስ ቫልቭ የሚያደርጉት። የጋሼ ገንዳ ሲሠራ ስለ ቫልቭ ያሰበ አልነበረም፤ ስለ ምርቃቱ በግ ነበር የታሰበው።

ስለዚህ ማውጣት የሚቻለው መሬቱ ሲደርቅ፣ ሐይቁም ሲጎድል ነው፤ ግንቦት። በግንቦት ደግሞ ቧንቧው በፈረቃ ነው፤ ለሮቶ ያልበቃ ውሃ 75 ሜትር ኩብ ከየት ይምጣ? በቦቴ ይገዛ። በቦቴ ለመግዛት ገንዘቡ ከሜሪላንድ ይምጣ። ልጁ ገንዘቡን ይዞ የሚመጣው ለመስከረም ነው። በመስከረም ሐይቁ አፍ እስከ ገደፉ ነው። ገንዳውን ማፍሰስ ሲቻል መሙላት አይቻልም፤ መሙላት ሲቻል ማፍሰስ አይቻልም። እንዲህ ያለውን ነገር መንግሥት ቢሠራው ስንት በተናገርን ነበር።

ጣና ራሱ ከዚህ ይሻላል፤ ቢያንስ የሚከፈትና የሚዘጋ ነገር አለው። ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ አባይ በሚወጣበት ጨረጨራ ላይ በር ተሠርቶለታል።

ግንበኛው ሲሰናበቱ አንድ የቤት ሥራ ሰጡን። ገንዳው ያፈሳል ወይስ ውሃው በፀሐይ ተንኖ ነው የጎደለው? ለመለየት ምንም መሣሪያ አያስፈልግም። ባልዲ በገንዳው ውሃ ሞልቶ ደረጃው ላይ ማስቀመጥ፣ የባልዲውንም የገንዳውንም ውሃ ልክ ምልክት ማድረግ፣ አንድ ቀን አንድ ሌሊት ጠብቆ ማየት። ፀሐይና ዝናብ ለሁለቱም እኩል ናቸው፤ ገንዳው ከባልዲው አብልጦ ከጎደለ ያፈሳል።

ከዚህ የቀለለ ነገር አለ? በመጀመሪያው ቀን ዘበኛው ባልዲውን አንስቶ ጽጌረዳ አጠጣበት። «ውሃ ሞልቶ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ አላስችል አለኝ» አለ፤ አጠገቡ በልኩ ስለሞላው ገንዳ ምንም አልተሰማውም። በሁለተኛው ሙከራ ምልክቱን በከሰል አሰመርን። እትዬ ማለዳ ተነስተው ግድግዳው ላይ ጥላሸት ቢያዩ በስፖንጅ አጠቡት፤ ባልዲውንም ጨምረው አጠቡት፤ በበረኪና። ሦስተኛው ላይ እኔ በጎ ፈቃደኛ ሆኜ ተነሳሁ። ምልክቱን በሚስማር ጫርኩ፣ ጋቢ ተከናንቤ በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ፣ ሌሊቱን ሙሉ ባልዲ ጠበቅኩ። የተማረ ሰው ነኝ።

ሌሊት ዘነበ። ሲነጋ ጋሼ ፒጃማ ላይ ካፖርት ደርበው፣ እትዬ በነጠላ፣ ዘበኛው በቦቲ፣ ግንበኛውም ተጠርተው ደረጃው ላይ ተሰበሰብን። ባልዲው ውስጥ ውሃው ከጭረቱ በላይ አንድ ጣት ከፍ ብሏል። የሌሊቱ ዝናብ ነው። ጎንበስ ብለን የገንዳውን አየን። አራት ጣት ከፍ ብሏል።

«ጨምሯል» አለ ዘበኛው።

«ባልዲው ነው የተሳሳተ» አሉ ጋሼ።

የገንዳው ከንፈር ከግቢው ከፍ ያለ ስለሆነ ጎርፍ አይገባበትም። ቧንቧው ከሰኔ ጀምሮ ተዘግቷል። ግንበኛው ሱሪያቸውን ሰብስበው ገቡና መዳፋቸውን ስንጥቁ ያለበት ቦታ ላይ አደረጉ፤ ረጅም ጊዜ እንደዚያው ቆዩ። «እየገባ ነው» አሉ። «ቀዝቃዛ ነው፤ ከውጭ ነው የሚመጣው። በበጋ በዚህ ይወጣል፣ በክረምት በዚሁ ይገባል።» ለካ ይህ ገንዳ በግንቦት የሚጎድለው፣ በክረምት የሚሞላው እንደ ጎረቤቱ ኖሯል። ስንት ዓመት ክሎሪን እየገዛን ያከምነው ማንን እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ።

እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆዩና «ታዲያ አራት ወር ሙሉ ሴራሚክ ልናለብሰው የተነሳነው ጣናን ነዋ?» አሉ።

ማንም አልመለሰላቸውም። ጋሼ ግን የገንዳውን ጥግ በዓይናቸው እየለኩ ወደ ግንበኛው ዞሩ።

«በካሬ ስንት ነበር ያሉኝ?»