ዝም ካልኩ መንገድ ላይ ነኝ

ይድረስ ለውድ እናቴ፣
ደሴ

  ደብዳቤ መጻፌ አይግረምሽ። በስልክ ልነግርሽ ያሰብኩት ነገር ሰላምታውን አልፎ ስለማያውቅ ወደዚያ በሚመጣ ሰው እጅ ልኬዋለሁ። እህቴ ጮክ ብላ ታንብብልሽ፤ አጎቴም ይስሙ፣ እንዲያውም በተለይ እሳቸው ይስሙ።

እማዬ፣ ትራክ የምነዳበት ኔቫዳ የሚባለው ግዛት አብዛኛው ምድረ በዳ ነው። በመሃሉ የሚያቋርጠውን 50 ቁጥር መንገድ ላይፍ የተባለው መጽሔት በ1986 እ.ኤ.አ. በጭርታው ከአሜሪካ አንደኛ ብሎታል። ከፋለን ተነስተሽ ኦስቲን እስክትደርሺ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን ከመሄድ ይበልጣል። የምታዪው ሜዳ፣ ተራራ፣ እንደገና ሜዳ፣ እንደገና ተራራ ነው። ኔትወርክ ኦስቲን ስገባ ብቅ ይላል፤ ከከተማዋ ወጥቼ ዳገቱን ስያያዘው ይጠፋል። ከተማዋ ደግሞ ብትታይ አንድ ጎዳና ናት።

እንግዲህ እኛ የምንገናኘው በዚያች ጎዳና ላይ ነው። «እንዴት ነህ?» «ደህና።» «ጤናህስ?» «ደህና።» «ሥራስ?» «ደህና።» «ብርዱስ?» «ደህና።» «ምነው ድምፅህ ከሳብኝ? ቆይ፣ አጎትህ ሰላም ይበሉህ።» አጎቴም ከሀ ይጀምራሉ። ስልኩ ቡና ሊጠጡ የመጡትን ጎረቤቶች አዳርሶ አንቺ ጋ ሲመለስ ዳገቱ ደርሷል። ባለፈው «እማዬ፣ ፊት ለፊቴ አንድ ትልቅ...» እንዳልኩ ተቋረጠ። ልል የነበረው «ትልቅ ተራራ አለ፣ ኔትወርክ ሊጠፋ ነው» ነበር። እናንተ ግን የጎደለውን በየፊናችሁ ሞላችሁት። አጎቴ መኪና አደረጉት፣ እህቴ ድብ አደረገችው። አንቺ ምን እንዳደረግሽው የነገረኝ የለም፤ ብቻ በማግስቱ ለግሸን ማርያም ተስለሻል።

«ለምን ቆም ብለህ አትደውልም?» ትያለሽ። እዚህ አገር የትራክ ሾፌር በ14 ሰዓት ውስጥ ከ11 ሰዓት በላይ አይነዳም፤ መኪናው ላይ የተገጠመ መሣሪያ እያንዳንዷን ደቂቃ ይመዘግባል። እኔ ለወሬ ብቆም 14ቱ ሰዓት አብሮኝ አይቆምም። ስልክ በእጅ ይዞ እየነዱ ማውራት ደግሞ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክልክል ነው፤ ሕጉ ሲወጣ ሾፌሩን እስከ 2,750 ዶላር ያስቀጣ ነበር። ሰዓቱም አላግባባን አለ። አንቺ ማታ በ2 ሰዓት ደውል ስትይ እዚህ በብርዱ ወራት ከጠዋቱ 3፣ በሙቀቱ ወራት ደግሞ 4 ሰዓት ነው፤ ሰዎቹ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ያዛውራሉ። «ማን ፈቅዶላቸው?» ብለሽኝ ነበር፤ ጠይቄ የመለሰልኝ የለም።

ጭነቴን የማራግፈው ኢሊ ከምትባል ከተማ አጠገብ ባለ የመዳብ ማዕድን ማውጫ ነው። ስልኬ ነፍስ የሚዘራው ያኔ ነው፤ የላክሽው የድምፅ መልእክት ሁሉ አንድ ላይ ይግተለተላል። መጀመሪያ «ልጄ፣ በሰላም ግባ» ትያለሽ። ቀጥሎ «ምነው ጠፋህ?» ከዚያ «ድሮም አንተ እናት እንዳለህ ትዝ አይልህም!» ከዚያ ለቅሶ። ከለቅሶው ኋላ አንዲት ጎረቤት «ኧረ ተይ፣ አታሟርቺ» ስትል ትሰማለች። በመጨረሻ ስለቱ ይመጣል፤ ጃንጥላ። ተሳይዋ አንቺ፣ ከፋዩ እኔ። እኔ እኮ ያን ሁሉ ሰዓት ሳንድዊቼን እየገመጥኩ በሰላም እየነዳሁ ነበር!

የሳተላይት መልእክት መላኪያ የገዛሁት በዚህ ምክንያት ነው። መዳፍ ላይ የምታርፍ ትንሽ ዕቃ ናት። 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚዞሩ 66 የኢሪዲየም ሳተላይቶች መልእክቷን ይቀበሏታል፤ ሰማዩ ይታያት እንጂ ኔትወርክ አትፈልግም። አስቀድሜ የጻፍኩትን «ደህና ነኝ» ስጫን ካለሁበት ቦታ ካርታ ጋር በእህቴ ኢሜይል ይደርሳል። ተገላገልኩ ስል አጎቴ ካርታውን አስከፍተው አዩ። ቤት የለ፣ ዛፍ የለ። «ልጁን በረሃ ጥለውታል» አሉ። መልእክቱ ሲደጋገም ደግሞ «ቃሉ አንዲት ፊደል አይለወጥም፤ የሚጽፈው እሱ አይደለም» ብለው ፈረዱ። አንቺ በበኩልሽ «የዕቃዋን የአደጋ ቁልፍ ተጫንና ደህንነትህን ንገረኝ» አልሽ። እሷን ብጫን እኮ የሚመጣው ነፍስ አድን ቡድን ነው። «ምን ሆነህ ጠራኸን?» ሲለኝ «ደህና ሆኜ» ልበለው?

እማዬ፣ አባባ ትዝ ይበልሽ። ባቲን ወርዶ፣ ሚሌን አልፎ አሰብ ሲሄድ ስንት ሳምንት ድምፁ አይሰማም ነበር። አንቺ ግን እንቅልፍሽን ትተኚ ነበር። የምትደነግጪው ከቴሌ የጥሪ ወረቀት የያዘ ሰው ሰፈር ሲገባ ነው፤ ያኔ ስልክ የመርዶ ነበረች፣ ዝምታ የደህና። ዛሬ በየቀኑ ስለምንሰማማ ግማሽ ቀን ዝም ያለ ሰው ይለቀስለታል። አባባ ያገኘውን እምነት ለእኔም ስጪኝ።

ስለዚህ እንዲህ እናድርግ። ከፋለን ስነሳ አንድ መልእክት፣ ኢሊ ስገባ ሌላ እልካለሁ፤ በመካከል ዝም ካልኩ መንገድ ላይ ነኝ። ኦስቲን ላይ ስደውል ጉዳይ ይቅደም፤ ሰላምታው ኢሊ ስደርስ እስኪበቃን ይሆናል። አድሬም ካልተሰማሁ እህቴ ለመሥሪያ ቤቴ የስምሪት ክፍል ትደውል፤ ቁጥሩን ከደብዳቤው ጀርባ ጽፌዋለሁ። ስለት ከዚያ በፊት አይፈቀድም። ለአጎቴ ማረጋገጫ እንዲሆን ደግሞ መልእክቱን «ደህና ነኝ፣ ሽሮ አማረኝ» በሚል ለውጬዋለሁ። በኔቫዳ በረሃ ሽሮ የሚያምረው ሌላ ሰው የለም።

አክባሪ ልጅሽ

ማሳሰቢያ ለእህቴ፦ ይህችን ድምፅ ሳታሰሚ አንብቢያት። አጎታችን ለቤታቸው የቆርቆሮ ዋጋ ሲጠሩልኝ ስልኩ የተቋረጠው በረሃ ስለገባሁ ነው ብያቸዋለሁ። የዚያን ቀን ካርታ ግን ሬኖ ከተማ መሃል ነው የሚያሳየው። እባክሽ አጥፊልኝ።