የብሉዝ እቁብ

ጓደኛዬ ጊታር የጀመረው ሃምሳ ዓመት ከሞላው በኋላ ነው። በዚህ ዕድሜ ሰው የሚጀምረው ብዙ ነገር አለ፤ ጾም ማጥበቅ፣ የደም ግፊት መለካት፣ አገር ቤት ቦታ መፈለግ። እሱ ግን ዩቲዩብ ከፍቶ ብሉዝ ጀመረ። ቀን ቀን የመኪና ማቆሚያ ያስተዳድራል፤ ማታ ማታ ምድር ቤቱ ወርዶ ጊታሩን ያስለቅሳል። ባለቤቱ ግን የሚያለቅሰው ጎረቤት ነው ትላለች። ባለፈው ረቡዕ ደወለና «ማታ ጃም አለ፣ እጫወታለሁ፤ መጥተህ ቪዲዮ ታነሳኛለህ» አለኝ። ልብ በሉ፣ «መጥተህ ታዳምጠኛለህ» አላለም።

ቤቱ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ያለ ጠበብ ያለ መጠጥ ቤት ነው። ከምሽቱ አንድ ተኩል ላይ ደረስን። በሩ ሥር አንድ ሪዛም ሰውዬ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ተቀምጧል፤ ስምህንና የምትጫወተውን መሣሪያ ይጽፋል። ጓደኛዬ አስራ አንደኛ ሆኖ ተመዘገበ። «አስራ አንደኛ!» አለኝ በጆሮዬ፣ ኮንዶሚኒየም ዕጣ ያለፈው ሰው ይመስል። ትንሽ ቆይቼ ወረቀቱን አሻግሬ አየሁት። አስራ አራት ስም ሰፍሯል፤ ከአስራ አራቱ ዘጠኙ ጊታሪስት፣ ሦስቱ አርሞኒካ ነፊ፣ አንድ ዘፋኝ፣ አንድ ባስ ተጫዋች። ድራም መቺ የለም። ስለዚህ የቤቱ ድራመር እንደ ሠርግ ቤት ወጥ ሠሪ ሌሊቱን ሙሉ ከምድጃው አይነሳም ማለት ነው።

አሠራሩ ለማያውቅ ሰው ይገርማል። የቤቱ ባንድ ግማሽ ሰዓት ያህል ይጫወትና ይወርዳል። ከዚያ ሪዛሙ ከወረቀቱ አራት አምስት ስም ይጠራል፤ በሕይወታቸው ተያይተው የማያውቁ ሰዎች መድረክ ላይ ይወጣሉ። አንዱ «ኢ ላይ፣ ሻፍል» ይላል፤ ሌላ ስብሰባ የለም፤ ይጀምራሉ። ሳይለማመዱ የሚግባቡት የብሉዝ ቤቱ አንድ ስለሆነ ነው፤ አስራ ሁለት ባር፣ ሦስት ኮርድ፣ ዞሮ ዞሮ መጀመሪያው። ዜማውን ያወቀ ዲያቆን የትኛውም ደብር ቢሄድ ተሰጥኦውን እንደማይስተው ሁሉ፣ ይህን ያወቀ ሰው ቺካጎም ሜምፊስም ቢሄድ አያፍርም። እያንዳንዱ ቡድን ሦስት ዘፈን ይደርሰዋል። ከዚያ ቀጣዩ።

ሁለተኛው ቡድን ላይ ነው ነገሩ የገባኝ። ይሄ እኮ እቁብ ነው። ሪዛሙ ዳኛም ጸሐፊም ነው፤ ዕጣው ሦስት ዘፈን ነው፤ መዋጮው ደግሞ ጭብጨባ። ወረፋ የሚጠብቁት ጊታሪስቶች ሣጥናቸውን በጉልበታቸው መሃል ይዘው፣ ዓይናቸውን ወረቀቱ ላይ ተክለው፣ መድረኩን ሳያዩ ያጨበጭባሉ። ለማን እንደሚያጨበጭቡ ብትጠይቋቸው አይነግሯችሁም። ዛሬ ላንተ ነገ ለኔ ነው፤ ሳይከፍሉ ዕጣ መውሰድ ነውር ነው።

አንድ የአርሞኒካ ሰው ነበር፣ እንደ አርበኛ ዝናር የታጠቀ። ዝናሩ ላይ ግን ጥይት ሳይሆን አስር አርሞኒካ ተሰክቷል። አንዱ አርሞኒካ በአንድ ቁልፍ ብቻ ስለሚቃኝ ሁሉንም መያዝ አለበት፤ ያውም የብሉዝ ነፊዎች ባንዱ ኢ ላይ ሲሆን የሚመዙት የኤውን ነው። እሱ ቸኩሎ የሌላውን መዘዘ። ቤቱ ውስጥ በር የተቆለፈባት ድመት የገባች መሰለን። ይሁንና ሲጨርስ ጭብጨባው አልቀነሰም፤ መዋጮ የተወሰነ ነው፣ እንደ ወቅቱ አይጨመር አይቀነስ።

ሶሎ የሚባለውስ? አስራ ሁለት ባር በመካከለኛ ፍጥነት ግማሽ ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ጨዋ ሰው ሁለት ዙር ይጫወትና ለጎረቤቱ በአገጩ ይለቅቃል። አራተኛው ጊታሪስት ግን ዓይኑን ጨፈነ። ዓይኑን የጨፈነ ጊታሪስት ደግሞ የማንንም አገጭ አያይም። ዘጠኝ ዙር ቆጠርኩ። በሰባተኛው ላይ ባስ ተጫዋቹ ሰዓቱን አየ፤ በስምንተኛው ድራመሩ ጸጉሩን ወደ ኋላ መለሰ። በማኅበር ላይ ጸሎቱን እያራዘመ ጠላውን የሚያስሞቅብን ሰውዬ ትዝ አለኝ።

ከሁሉ ደስ ያለኝ የሐዘኑ ነገር ነው። አንድ የኮምፒዩተር ባለሙያ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ማይኩን ጨበጠና ሴቲቱ እንደተወችው፣ ኪሱ ባዶ እንደሆነ፣ ባቡር ጣቢያ ቆሞ እንደቀረ በሚያሳዝን ድምፅ ነገረን። የተወችው ሴት ከፊት ወንበር ሰላጣዋን እየበላች ቪዲዮ ታነሳዋለች። ባቡሩም ቢሆን፣ ቴስላው ውጭ ቆሟል። እኛም ብንሆን የምንስቅበት አይደለም፤ «ሰው አገር ቀረሁ» እያልን ካለቀስን በኋላ ሂሳቡን በካርድ ከፍለን ወደ ባለ ሦስት መኝታ ቤታችን የምንገባ ሰዎች ነን። ይልቅ ያሳዘነኝ ግጥሙ ሲጠፋበት ነው። የብሉዝ ግጥም አንዱን ስንኝ ሁለት ጊዜ ይልና በሦስተኛው ቤት ይመታል። ድግግሞሹ ለዘፋኙ ማሰቢያ ጊዜ ይሰጠዋል። ሰውዬው አንዴ አለ፣ ደገመ፣ ሦስተኛው አልመጣ ሲለው ሠለሰ፣ አሁንም አልመጣም፤ ለአራተኛ ጊዜ ያችኑ አላት። አዝማሪ ቤት ቢሆን አንዱ ከጥግ «ተቀበል!» ብሎ ቤት አቀብሎ ያወጣው ነበር። እዚህ ማን ያቀብለው? ሁሉም በልቡ የራሱን ሶሎ እየተለማመደ ነው።

እኛ አጠገብ አንድ ባርኔጣ ያደረጉ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። መሣሪያ የላቸውም። ጓደኛዬ እንደ ተፎካካሪ ገምቷቸው ኖሮ «ምንድን ነው የሚጫወቱት?» አላቸው። ምንም እንደማይጫወቱ፣ ለማዳመጥ እንደመጡ ነገሩት። ጓደኛዬ ወደ እኔ ዞረና በአማርኛ «ታዲያ ምን ይሠራሉ?» አለኝ። እቁብ ሳይገባ የሚያዋጣ ሰው አይቶ አያውቅም።

ሁለት ሰዓት መጠበቁን ሲያማርርላቸው ሽማግሌው ስለ ሚሲሲፒ ጆን ኸርት አጫወቱን። ኸርት እ.ኤ.አ. በ1928 ሸክላ ቀረጸ። ሸክላው ብዙም አልተሸጠም፤ እሱም አቫሎን ወደምትባል መንደሩ፣ ወደ እርሻው ተመለሰ። የድሮ ሸክላ የሚያሳድዱ ልጆች በአንዱ ዘፈኑ ውስጥ የመንደሩን ስም ሰምተው፣ በካርታ ፈልገው፣ በ1963 ቤቱ ድረስ ሄደው አገኙት። ወደ ዋሽንግተን አመጡት፤ በዚያው ዓመት ኒውፖርት ፌስቲቫል ላይ በሺዎች ፊት ተጫወተ። በ1966 ሞተ። እዚሁ ዋሽንግተን፣ አርቺ ኤድዋርድስ የሚባል ጊታሪስት ጸጉር ቤት ነበረው፤ ኸርት ወዳጁ ስለነበር እዚያ እየሄደ ይጫወት ነበር። ኸርት 35 ዓመት ሙሉ «ወረፋዬ የት ደረሰ?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው እንኳ አልነበረውም፤ ሲደርሰውም የበላው የሦስት ዓመት ዕጣ ነው። ታሪኩ አንጀቴን በላኝ።

ጓደኛዬ ሰዓቱን አየ። «እኔ እኮ ነገ አስራ ሁለት ሰዓት ሥራ እገባለሁ» አለ።

በዚህ መሃል ቤቱ መሳሳት ጀምሯል። ዕጣውን የበላ ሁሉ ጊታሩን ሣጥን ውስጥ ያስተኛል፣ ለአንድ ዘፈን ያህል ለይሉኝታ ይቀመጣል፣ ከዚያ በጎን በኩል ሾልኮ ይወጣል። ባለ ዘጠኝ ዙሩ ያቺን አንድ ዘፈን እንኳ አልተቀመጠም። ጓደኛዬ ተናደደ። «አያፍሩም? እኛ ስንት ሰዓት አጨበጨብንላቸው!» እቁብ በልቶ የጠፋ ሰው ሲታማ ሰምታችሁ ከሆነ ድምፁ እንዲያ ነው።

ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ የጓደኛዬ ስም ተጠራ። መድረክ ላይ ወጥቶ ገመዱን ከመሰካቱ በፊት ለሪዛሙ፣ እኛም የራሳችን ብሉዝ እንዳለን፣ ስሙ ትዝታ እንደሚባል አስረዳው። ይህን ነገር ለፈረንጅ ያልነገረ ኢትዮጵያዊ የለም፤ እኔም ነግሬአለሁ። ሪዛሙ በትሕትና ሰማውና «ቁልፉ ምንድን ነው?» አለው።

እውነት ነው፣ ትዝታ አምስት ድምፅ ነው፤ የብሉዝም መሠረቱ አምስት ድምፅ ነው። ችግሩ አምስቱ እነዚያው አምስቱ አለመሆናቸው ነው። ጓደኛዬ ሶሎው ሲደርሰው ዩቲዩቡን ረስቶ አባቱ ሲያንጎራጉሩት የሰማውን ትዝታ ለቀቀው። ትዝታ የሚጫወትበት ማሲንቆ አንድ አውታር ነው ያለው፤ ኮርድ የሚባል ጣጣ አያውቅም፣ ባለበት ሆኖ ያስለቅሳል። ባንዱ ግን አምስተኛው ባር ላይ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ሁለተኛው ኮርድ ሄደ፤ እሱ ቤት ጠባቂ ሆኖ ቀረ። ባንዱ ተመልሶ መጣ፤ እሱ እዚያው ነው። እንደገና ሲሄዱ ባስ ተጫዋቹ «ና እንጂ» በሚል ዓይን አየው። ሰባተኛው ባር ላይ አጋጣሚ ሆኖ ተገናኙ፤ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ለሦስት አራት ሰከንድ ያህል ሰውነቴን ወረረኝ።

እኔም ቢሆን አልተረፍኩም። በአንድ እጄ ስልክ ይዤ በሌላው ጠረጴዛ እየመታሁ ነበር። ቤቱ ውስጥ የቀረው ሰው ሁሉ ሁለትና አራት ላይ ሲያጨበጭብ እኔ አንድና ሦስት ላይ መሆኔን የተረዳሁት አስተናጋጇ መጥታ የጎደለ ነገር እንዳለ ስትጠይቀኝ ነው። ጠርቻት መስሏታል።

ሦስቱን ዘፈን ጨረሰ። ላቡን ጠርጎ መጥቶ ተቀመጠ። ወረቀቱ ላይ ሦስት ስም ቀርቷል። ቀጣዩ ቡድን የመጀመሪያውን ዘፈን ሳያጋምስ ጓደኛዬ የጊታሩን ሣጥን ሲቆልፍ ሰማሁ፤ «ነገ ማልጄ ነው የምነሳው፣ ቀስ ብለን እንውጣ» አለኝ። የእቁብ በላተኞቹ ወሬ ትዝ ብሎኝ ፊቱን አየሁት። እሱ በሩን ነው የሚያየው። ጎንበስ ብለን፣ ቤተ ክርስቲያን ስብከት አቋርጦ እንደሚወጣ ሰው፣ በሽማግሌው ፊት አለፍን። ዓይናቸውን ከመድረኩ ሳይነቅሉ እግራቸውን ሰብሰብ አደረጉልን።

መኪና ውስጥ ገብተን ሞተሩን ካስነሳ በኋላ «ሽማግሌው ግን እንዴት እንደሚያዳምጡ አየህ?» አለኝ። «ፍንክች አይሉም እኮ። እኔ ስጫወትም እንዲህ ነበር የሚያዩኝ?»

«አዎ» አልኩት።

እሱ የመጀመሪያውን ድምፅ ሲያወጣ ሽማግሌው ሲጋራ ሊያጨሱ ወጥተው ነበር፤ የተመለሱት ጭብጨባው ላይ ነው። ቪዲዮው ውስጥ ባዶ ወንበራቸው ከነባርኔጣቸው ፊት ለፊት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሳምንት ሙሉ «ላክልኝ» እያለ ይደውልልኛል፤ እኔም ፋይሉ ትልቅ ሆኖ አልሄድ አለኝ እያልኩት ነው።