የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት፣ ከክፋር ብራንዳይስ

የኢትዮጵያ አይሁዳውያን በዓል የሆነው ስግድ በተቃረበ ቁጥር በእስራኤል የኮሌጅና የዩኒቨርሲቲ ቃል አቀባዮችን ሁሉ አንድ ዓይነት ትኩሳት ይይዘናል። በዓሉ ከዮም ኪፑር በኋላ በ50ኛው ቀን፣ በዕብራውያን አቆጣጠር ሔሽቫን 29 ይውላል። የእስራኤል ፓርላማ ክኔሴት በ2008 ብሔራዊ በዓል ብሎ በሕግ ካጸደቀው ወዲህ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው) ጋዜጣውም ቴሌቪዥኑም ለዚያ ሰሞን «ኢትዮጵያዊ ነገር» ይፈልጋል። ቄሶቹ ኢየሩሳሌም አርሞን ሃነጺብ ላይ በጥልፍ ጃንጥላ ሥር ቆመው ሲጸልዩ የሚያሳየው ፎቶ ለአንድ ገጽ ይበቃል። የቀረውን ገጽ የምንሞላው እኛ ነን።

የምሠራበትን ኮሌጅ ስም አልጠራም፤ የቤቴ ዕዳ ገና አላለቀም። ሥራዬ ከውጭ ሲያዩት ከጋዜጠኛ ጋር ቡና መጠጣት ይመስላል። ከውስጥ ግን አብዛኛው ዝም ማለት ነው፤ ለማን፣ መቼና ስለ ምን ዝም እንደሚባል ማወቅ። የተማሪዎች ማኅበር ሲያኮርፍ፣ ፕሮፌሰሮች በላቦራቶሪ ቁልፍ ሲጣሉ፣ ስልኩ የሚጮኸው እኔ ጋ ነው። ከዚህ የተረፈው ጊዜ ምርምርን ዜና ማድረግ ነው፤ እሱም የራሱ ጣጣ አለው። አንድ ጊዜ ስለ ትንኝ እጭ ያጠኑ ሊቅ «በዚህ ዓይነት ኩሬ፣ በዚህ ዓይነት ሙቀት ብቻ» ብለው ያስጠነቀቁበትን ውጤት አንድ ጋዜጣ «ወባ አከተመላት» ብሎ አወጣው። ሊቁ እስከ ዛሬ ሰላምታዬን አይመልሱም። እኔ የምኖርባት ሐዴራ ደግሞ በ1891 ረግረግ ላይ ተቆርቁራ ብዙዎቹን የመጀመሪያ ሰፋሪዎቿን በወባ የቀበረች ከተማ ናት፤ በወባ ቀልድ አታውቅም። ረግረጉን እንዲመጥ የተተከለው ባሕር ዛፍ ዛሬም ቆሟል። በምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ የገባው ባሕር ዛፍም የዚያው ሰሞን ተክል ነው፤ ከሀገር ቤት የሚመጡ ሽማግሌዎች ሽታውን ሲያገኙት ፊታቸው የሚፈታው ለዚህ ይሆናል።

ወደ ትኩሳቱ ልመለስ። አለቃዬ በየዓመቱ በጥቅምት ቢሮዬ በር ላይ ይቆሙና «ዘንድሮ የመጀመሪያ ማን አለን?» ይላሉ። የመጀመሪያ ኢትዮጵያዊ ማለታቸው ነው። ልማዱን እሳቸው አልፈጠሩትም። አዲሱ መሳላ በ1996 ክኔሴት ሲገቡ የመጀመሪያው ተባሉ። በላይነሽ ዘባድያ በ2012 በአዲስ አበባ የእስራኤል አምባሳደር ሆነው ሲሾሙ የመጀመሪያዋ ተባሉ። በ2013 ይትይሽ አይናው የእስራኤል ወይዘሪት ዘውድ ስትደፋ የመጀመሪያዋ ናት ተባለ። በዚያው ዓመት ጵኒና ታማኖ ሻታ ክኔሴት የገቡ የመጀመሪያዋ ትውልደ ኢትዮጵያዊት ሆኑ፤ በ2020 ደግሞ የመጀመሪያዋ ሚኒስትር። ሁሉም እውነት ነው፤ ያኮራልም። ግን ከመሳላ ቀጥሎ ማን ገባ ብላችሁ መንገደኛ ጠይቁ። ሽሎሞ ሞላና ማዞር ባሃይና ናቸው፣ በ2008። ከመሳላ መግባት እስከ እነሱ መግባት 12 ዓመት አለ። ለእኔ ዋናው ዜና ያ 12 ዓመት ነበር፤ ሆኖም ባዶ ወንበር ቃለ መጠይቅ አይሰጥም፣ ማንም አልጻፈውም።

አንድ ዓመት አለቃዬ የተመራቂዎችን ዝርዝር ይዘው መጡ። ጣታቸው ያረፈው የውሃ ምህንድስና ባጠናቀቀች አንዲት ልጅ ስም ላይ ነው፤ ከቤታችን ማዶ ከአያቷ ጋር የምትኖር፣ ሕፃን ሆና ጥርሷ ሲወልቅ አይቼ ያሳደግኋት የሰፈሬ ልጅ። «በእስራኤል ውሃ ምህንድስና የተመረቀች የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት» አሉ፤ ርእሱን ጭምር ይዘው ነው የመጡት።

«በምን እናውቃለን?» አልኳቸው።

«ሌላ ሰምተሃል?»

እንዲህ ያለውን መዝገብ የሚይዝ መሥሪያ ቤት የለም። የሌሎች ተቋማት የሙያ ባልደረቦቼን በስልክ አዳረስኩ፤ እያንዳንዱ «እኛ ጋ የለም» ካለ በኋላ በጥርጣሬ «ለምን ፈለግኸው?» ይለኛል። የራሱን የመጀመሪያ እንዳልነጥቀው መስጋቱ ነው። በመጨረሻ ጋዜጣዊ መግለጫው ላይ «ከመጀመሪያዎቹ አንዷ» ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ በቀይ እስክሪብቶ «አንዷ»ን ሰርዘው «የመጀመሪያዋ» አደረጉትና ፈርመው ላኩት።

የፈቃድ ወረቀት ማስፈረሙ የእኔ ድርሻ ነበር። በእስራኤል የ1981 የግላዊነት ጥበቃ ሕግ አለ፤ ከዚያም በላይ የጉርብትና ሕግ አለ። ማታ ሄጄ ነገርኳት። ወረቀቱን እንደ ውል አነበበችው።

«ጋሼ፣ ስለ ጥናቴ ከሆነ እሺ» አለችኝ። «ስለ አያቴ ጎጆ ከሆነ ግን አልፈልግም።» ጥናቷ የቆሸሸ የከርሰ ምድር ውሃ ስለማጣራት ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ሰፈራችን ስም ጥቂት ማለት አለብኝ፤ ኋላ ለመጣው ጣጣ ምክንያቱ እሱ ነው። ክፋር ብራንዳይስ በአሜሪካዊው ዳኛ በሉዊስ ብራንዳይስ የተሰየመ የሐዴራ ሰፈር ነው። ብራንዳይስ በ1856 በኬንታኪ፣ ሉዊቪል ተወለዱ፤ በ1916 ፕሬዚዳንት ዊልሰን ለጠቅላይ ፍርድ ቤት አጯቸው፣ ሴኔቱም ወራት ከፈጀ ክርክር በኋላ አጸደቀላቸው። ምን ሆኑ? የመጀመሪያው አይሁዳዊ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ! ሰውዬው ግን ለእንደኔ ዓይነቱ ሠራተኛ ሁለት ፊት አላቸው። ገና ጠበቃ ሳሉ፣ በ1890፣ ከባልንጀራቸው ከሳሙኤል ዋረን ጋር ሰው ያለመነካት መብት አለው የሚል ዝነኛ ጽሑፍ አወጡ፤ ያስቆጣቸው በሰው ጓዳ የሚገባ ጋዜጠኛና ሳያስፈቅድ ፎቶ የሚያነሣ ካሜራ ነበር። በ1913 ደግሞ በባንኮች ላይ ሲጽፉ፣ ነገርን አደባባይ ማውጣት ተሐዋስያንን እንደሚገድል የፀሐይ ብርሃን ነው አሉ። ከሁለቱ ብራንዳይሶች የትኛው የሰፈራችን እንደሆነ የነገረኝ የለም። እኔ የሚመስለኝ፣ ፀሐዩ ለተቋም፣ ጥላው ለሰው ነው። የእኛ ሥራ በተግባር የሚሄደው የተገላቢጦሽ ነው፤ ተቋሙን ከጥላ ሥር አስቀምጠን ልጅቱን ፀሐይ ላይ እናወጣታለን።

ካሜራዎቹ ከሰዓት በኋላ መጡ። ልጅቱ ላቦራቶሪ እንሂድ ብትልም ቀራጩ ቤቱን ነው የወደደው። ጂንስ ለብሳ ቆማለች፤ «የባህል ልብስ የለሽም?» አላት። ለሠርግ አለኝ አለችው። ዓይኑን ሲያንከራትት ጀበናውን አየ፤ ከዚያ በኋላ ውሃ የሚባል ነገር ትዝ አላለውም። አያቷ እማማ ቡናውን አስቀድመው ለእንግዳ ብለው ያፈሉት ነው። እሱ ግን ጭሱ በደንብ እንዲታይ እንደገና ይቁሉልኝ አለ። ሴትዮዋ አንድ ቡና ሁለት ጊዜ እንዴት እንደሚቆላ ግራ ገባቸው። «ይኼ ሰውዬ ቡና ጠጥቶ አያውቅም?» አሉኝ፤ እኔም ለቀራጩ «ደስ ብሏቸዋል» አልኩት። ቃል አቀባይነት ከቤትም አይለቅም።

ጋዜጠኛዋ ተቀምጣ ማይክሮፎኑን አስጠጋች። «የልጅ ልጅዎ የመጀመሪያዋ በመሆኗ ምን ተሰማዎት?» ተረጎምኩ።

እማማ ነጠላቸውን አስተካከሉ። የአምቦበር ሰው ናቸው፤ በ1984 በሱዳን በኩል የመጡ። «እንዲያው ልጄ፣ ይህ ኮሌጃችሁ ከተከፈተ ስንት ዘመኑ ነው?» አሉኝ።

«ከ40 ዓመት ይበልጠዋል፣ እማማ።»

«እኛስ ከመጣን?»

«ከ30 ይበልጣል።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ምን ሲሠሩ ነበር?»

ካሜራው ይቀርጻል። ጋዜጠኛዋ ታየኛለች። እኔ የኮሌጁ ቃል አቀባይ፣ የቤቱ አስተርጓሚ፣ የሴትዮዋ ጎረቤት ነኝ፤ ሦስቱም አፌ ላይ ተጋጩ። ጉሮሮዬን ስጠርግ ልጅቱ ከበሩ ደፍ ላይ ሆና በጥርት ባለ ዕብራይስጥ ተረጎመችው፤ አንድ ቃል አላስቀረችም። ጋዜጠኛዋ «ይሄ በጣም ጥሩ ነው!» አለች። ከዓመታት የመግለጫ ጽሑፌ ይልቅ ይህች ጥያቄ ስለ ኮሌጃችን የበለጠ ተናግራለች። የመጀመሪያዋ ናት ማለት ከእሷ በፊት ማንንም አላስመረቅንም ማለት ነው፤ ይህን በጥሩ ወረቀት፣ ከነአርማው፣ በፊርማ አረጋግጠን ለሀገሩ ጋዜጣ ሁሉ ልከናል።

ማታ ሰፈሩ ተሰብስቦ አየ። ጀበናው ታየ። ጭሱ ታየ። እማማ ሲስቁ ታዩ፣ ድምፃቸው ግን በማሲንቆ ተሸፍኗል። ልጅቱ «ውሃ» ስትል ተቆረጠ። ዝግጅቱ አንድ ደቂቃ ያህል ቢሆን ነው፤ አለቃዬ «ግሩም!» ብለው መልእክት ላኩልኝ።

ስልኩ የጀመረው በማግስቱ ነው። ከረሖቮት አንድ አባት ደወሉ፤ የእህታቸው ልጅ ይህንኑ ትምህርት ከብዙ ዓመት በፊት ጨርሶ አሁን ቦዮችን ሲያስተዳድር ጡረታው ደርሷል። ከኪርያት ጋት አንዲት ሴት ደወሉ፤ የእሳቸው ልጅ ወንድ ስለሆነ ነው ወይ ያልተቆጠረው? ከነታንያ የደወለው ደግሞ ቁጣውን በአማርኛ ጀምሮ በዕብራይስጥ ጨረሰው፤ ሲረጋጋ ዘመድ ሆነን ተገኘን፣ በእናቴ አያት በኩል። ለሁሉም «ከመጀመሪያዎቹ አንዷ ነበር የተጻፈው» እላለሁ፤ ማንም አያምነኝም፤ መግለጫው እጃቸው ላይ ነው።

የባሰው ከባሕር ማዶ መጣ። ኮሌጃችን አሜሪካ ውስጥ ወዳጆችና ለጋሾች አሉት፤ መግለጫው በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለእነሱም ተልኮ ነበር። አንድ የማኅበረሰብ ጋዜጣ አርታኢ «የክፋር ብራንዳይስ ነዋሪ» የሚለውን ሲያይ «ክፋር» የፊደል ግድፈት መሰለው፤ ቆረጠው። ቦስተን አጠገብ፣ ዋልታም ውስጥ፣ በዚያው ዳኛ ስም በ1948 የተከፈተ ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲ አለ። ስለዚህ የሰፈሬ ልጅ በጋዜጣው የብራንዳይስ ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ሆና ወጣች። የእኛ ኮሌጅ ስም ከመጨረሻው አንቀጽ ጋር አብሮ ተቆርጧል። አንድ ለጋሻችን ለአለቃዬ ደብዳቤ ጻፉ፦ ገንዘቤን የምሰጠው ለእናንተ ነው፣ ልጆቹን የሚያስተምረው ግን ብራንዳይስ ነው፤ እንዴት ነው ነገሩ?

አለቃዬ ፊታቸው በርበሬ መሰለ። ማረሚያ ጠይቅ አሉኝ፤ ጠየቅኩ። ለአርታኢው ረጅም ደብዳቤ ላክሁ፦ ልጅቱ ዋልታም ሄዳ አታውቅም፣ ክፋር ብራንዳይስ ዩኒቨርሲቲ ሳይሆን የምትኖርበት ሰፈር ነው፣ ቤተሰቧ ከኢትዮጵያ ነው የመጣው። ሰውዬው ጨዋ ነበሩ፤ በሚቀጥለው ዕትም ታች ጥግ ላይ በደቃቃ ፊደል አረሙት። ማረሚያው ልጅቱ የተወለደችው ክፋር ብራንዳይስ በምትባል የኢትዮጵያ መንደር ውስጥ ነው ይላል።

ይህን ቆርጬ ለልጅቱ ወሰድኩላት። ሳቋ ከተዋት በኋላ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈችው። እማማ «ምን ይላል?» አሉ፤ ነገረቻቸው። «ጎንደር አጠገብ ነው በያቸው» አሉና ወደ ሽሯቸው ተመለሱ።

በሚቀጥለው ጥቅምት አለቃዬ እንደ ልማዳቸው በሩ ላይ ቆሙ። ከዚያው ክፍል አንዲት ሌላ ልጅ በማዕረግ ልትመረቅ እንደሆነ ነገርኳቸው፤ ቤተሰቧ ከሐዴራ፣ እሷም ከእኛው ልጆች።

«ውሃ ምህንድስና?» አሉ። «እሱን እኮ ጨርሰናል። ሁለተኛ ናት።»

ብራንዳይስን ተከትለው በ1932 እዚያው ፍርድ ቤት የተቀመጡት ሁለተኛው አይሁዳዊ፣ ቤንጃሚን ካርዶዞ፣ ኒው ዮርክ ውስጥ በስማቸው የሕግ ትምህርት ቤት አላቸው ልላቸው ነበር፤ ኮሪደሩን አጋምሰውታል። ስለዚህ ለልጅቱ ራሴ ደወልኩ። ውጤቷን በኮሌጁ መጽሔት ላይ፣ ከሌሎቹ የማዕረግ ተመራቂዎች ጋር፣ በስም ተራ ማውጣት እንደምፈልግ ነገርኳት።

«ቴሌቪዥን ይመጣል?» አለች።

«አይመጣም።»

«አያቴ ቡና ማፍላት አለባት?»

«የለባትም።»

«እንደዚያ ከሆነ ጻፈው፣ ጋሼ» አለችኝና ነገ ፈተና እንዳለባት ነግራኝ ስልኩን ዘጋችው።