እዚችው ናት

የአክስቴ ልጅ ከፍራንክፈርት ሲመጣ ለሌላው ጫማና ሽቶ፣ ለእኔ ግን መንገድ ይዞልኝ መጣ። በሞተር ሳይክል ከቢሮ ቢሮ ዕቃ እያደረስኩ የምኖር ሰው ስለሆንኩ ነው መሰለኝ፣ መዳፍ የምታክል ጥቁር ጂፒኤስ አቀበለኝ። እዚያ መኪናው ላይ ለጥፏት ሲጠቀምባት ኖሮ፣ ስልኩ ሥራዋን ሲቀማት ጡረታ አውጥቷታል። ለሞተር ተብላ የምትሠራ ጂፒኤስ አለች፤ ዝናብ የማያስገባት፣ በጓንት ስትነካ የምትታዘዝ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ የምትነበብ። የእኔዋ እንደዚያ አይደለችም። የመኪና ልጅ ናት፤ በጥላ ያደገች።

«ስልክ እያለህ ምን አደከመህ?» ያላለኝ ሰው የለም። እኔም መልስ አላጣሁም። አፕል ራሱ በ2021 እ.ኤ.አ. የጉልበተኛ ሞተር ሳይክሎች ንዝረት የአይፎንን ካሜራ ሊያበላሽ ይችላል ብሎ አስጠንቅቋል። ካሜራው ውስጥ፣ እጅ ሲንቀጠቀጥ ሥዕሉ እንዳይደበዝዝ ሌንሱን የምታረጋጋ ረቂቅ ነገር አለች፤ የሰው እጅ ትችላለች፣ ሞተር ግን አትችልም። እርግጥ እኔ አይፎን የለኝም። ክርክር ላይ ግን ይጠቅመኛል፤ ባለ አይፎኖቹ ወዲያው ኪሳቸውን ዳበስ አድርገው ዝም ይላሉ። እውነተኛው ምክንያት ሌላ ነው። ስልኬን መሪ ላይ ዘርግቼ ቀይ መብራት ከምጠብቅ ደመወዜን ዘርግቼ ብጠብቅ ይሻለኛል። ይቺን ግን ሌባም አይቶ አዝኖላት ያልፋል።

ማስገጠሙ ራሱን የቻለ ጣጣ ነበር። መስታወት ላይ የሚለጠፈው መያዣዋ ለእኔ ምን ይሠራል? የሠፈራችን ጎሚስታ በጎማ ቁራጭ ጠፍሮ መሪው ላይ አሰረልኝ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ደግሞ «ከባትሪው ቀጥታ ልሳብልህ ወይስ በቁልፍ ይዙር?» አለኝ።

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«ቀጥታ ከሆነ አንተ ሞተሩን አጥፍተህ ስትተኛ እሷ ስትጠጣ ታድራለች። ጠዋት እየገፋህ ነው የምታስነሣው።»

በቁልፍ ይዙር አልኩ። ሲጠጣ የሚያድር ሰው በቤተሰባችን ውስጥ በቂ አለ።

ዝናብ ሲመጣ ፌስታል አለብሳታለሁ። ያን ጊዜ ፌስታሉ በላብ ይሸፈንና ማየት ይቀራል፤ የሚተርፈው ድምፅ ብቻ ነው። ድምፁ ደግሞ በሞተሬና በገልባጭ መኪና ጩኸት መሀል ሄልሜቴን ሰብሮ አይገባም። አንድ ቀን መብራት ላይ ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን ሳስጠጋላት ትራፊክ ፖሊሱ አየኝ።

«ምን እያለችህ ነው?»

«ወደ ቀኝ ታጠፍ እያለችኝ ነው።»

«እዚህ ወደ ቀኝ መታጠፍ ክልክል ነው። ንገራት!»

የከተማችንን ስሞች ስትጠራ ደግሞ ሌላ ከተማ ያለሁ ይመስለኛል። ካርታዋ ላይ ጎዳናዎቻችን የአፍሪካ አገሮችን ስም ይዘዋል፤ ካሜሩን፣ ጅቡቲ፣ ኢኳቶሪያል ጊኒ። የአፍሪካ መዲና ነንና ደግ ነው። ግን አንድም ወያላ «ኢኳቶሪያል ጊኒ፣ ኢኳቶሪያል ጊኒ፣ አንድ ሰው!» ሲል ሰምቼ አላውቅም። አፍሪካ ጎዳና የምትለውም የቦሌን መንገድ ነው። «ሜክሲኮ» ብዬ ስጽፍላት መንገድ የለም ትለኛለች፤ ውቅያኖስ ስላለ መሆን አለበት።

አጎቴ ከመገናኛ ኋላዬ ተፈናጥጠው ወደ ቦሌ ስንሄድ ይህንን ነገር በጆሯቸው ሰሙ።

«ካሜሩን ነው የምትለው?»

«አዎ ጋሼ፣ የመንገዱ ስም ነው።»

«እኔ ቦሌ መድኃኔዓለም ነው ያልኩህ፣ አንተ ልጅ።»

ቀጥለው በትከሻዬ ላይ አሻግረው ስክሪኗን አዩ። የምንደርስበት ሰዓት 3:20 ይላል፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ማለት። ጋሼ ግን በራሳቸው ሰዓት አነበቡት።

«ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ! ካሜሩን ከሆነማ መምሸቱም አይቀር» አሉና ጋቢያቸውን አጠበቁ።

ጎተራ ማሳለጫ ላይ ግን አልፈርድባትም። አግድሙን በደንብ ትለካለች፣ ከፍታ ላይ ትደክማለች፤ ስለዚህ ድልድዩ ላይ ልሁን ከድልድዩ ሥር ይምታታባታል። እዚያ ቦታ እንኳን እሷ፣ እኛ እዚያው የተወለድነውም አንዳንዴ ሳንወድ ሳሪስ ደርሰን እንመለሳለን።

ያም ሆኖ አልጣልኳትም፤ ማን እንደሚያናግራት ስለማውቅ እፈራታለሁ። ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው የአሜሪካ መንግሥት ሳተላይቶች ይዞራሉ፤ ሥርዓቱ ቢያንስ 24 ይፈልጋል። እያንዳንዱ «እኔ እዚህ ነኝ፣ ሰዓቱም ይህን ያህል ነው» እያለ ሲለፍፍ ይውላል። እሷ ያንን ሰምታ፣ ምልክቱ እስኪደርስ የፈጀውን ጊዜ አስልታ፣ ከአራቱ ብቻ ወሬ ካገኘች የቆምኩበትን ትነግረኛለች። እስከ 2000 እ.ኤ.አ. ድረስ ለሲቪሉ የሚለቀቀው ምልክት ሆን ተብሎ የተዛባ ነበር፤ በዚያ ዓመት ፕሬዚዳንት ክሊንተን አስቆሙት። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የሰዓቱ ነገር ነው። አንስታይን እንዳለው ሆኖ፣ ሳተላይቱ ላይ ያለው ሰዓት ምድር ላይ ካለው በቀን 38 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ይቀድማል፤ ማይክሮ ሰከንድ የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ናት። ይህቺ ካልታረመች ስሕተቱ በአንድ ቀን 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይደርሳል። ስለዚህ አስቀድመው አርመውታል።

የእኛን «እዚችው ናት» ግን እስካሁን ያረማት የለም።

ይህንን ያወቅኩት ባለፈው ጥር፣ ከደብረ ሲና ወረድ ብሎ ወዳለ ገጠር ለሰርግ ስሄድ ነው። እስከ ደብረ ብርሃን ያለውን 130 ኪሎ ሜትር እንደ ዳዊት በቃሏ ወጣችው። ጣርማ በር ስንደርስ፣ ጣሊያን በቆፈረው ዋሻ ውስጥ፣ ስክሪኗ ላይ አንድ ጽሑፍ ብቅ አለ። ወደ አማርኛ ሲመለስ «ሳተላይት ጠፍቶብኛል» ማለት ነው። በጨለማው ውስጥ ሞተሬን ቀዝቀዝ አድርጌ ደግሜ አነበብኩት። ይህን ያህል ዘመን መንገድ ስጠይቅ ኖሬ፣ ሊስትሮውን፣ ዘበኛውን፣ ባለሱቁን፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ እናቶችን ጠይቄ፣ እንዲህ ዓይነት ቃል ከማንም አፍ ሰምቼ አላውቅም። ከዋሻው ስንወጣ ዝም ብላ ሥራዋን ቀጠለች።

ከአስፋልቱ ተገንጥዬ ወደ ገጠሩ ስገባ ደግሞ ካርታዋ አለቀ። ባዶ ነጭ ስክሪን፣ መሀሉ ላይ አንዲት ቀስት፤ ቀስቷ እኔ ነኝ። የት እንዳለሁ በሜትሮች ልክ ታውቃለች፤ እዚያ ምን እንዳለ ግን አታውቅም። እሱንም አልደበቀችኝም። ስለዚህ ወደ እረኛው ዞርኩ።

«ወንድሜ፣ ሰርግ ያለበት ቤት በየት ነው?»

«እዚችው ናት» አለ፤ በዱላውም በአገጩም እየጠቆመ። «ያችን ዋርካ ስታልፍ።»

ዋርካውን አለፍኩ፤ ሌላ ዋርካ አለ። እንስራ ያዘለች ሴት «እዚችው ናት፣ ወንዙን ስትሻገር» አለችኝ። ወንዙን ተሻገርኩ፤ ቦት ጫማዬ ውሃ ሞላ። በቅሎ የሚነዱ ሽማግሌ ደግሞ «ምነው ልጄ፣ አልፈኸው መጣህ፤ ዋርካው ጋ ነበር የምትታጠፈው» አሉኝ። የትኛው ዋርካ እንደሆነ ብጠይቃቸው «እዚችው ያለው» አሉ። ሰርጉ ቤት ስደርስ ሙሽሮቹ ሲወጡ ተገናኘን፤ ከሰርጉ የደረሰኝ የጠላው አተላና የአማቶቹ ወቀሳ ነው።

ክፋት የለበትም። እኛ ዘንድ መንገድ ለጠየቀ ሰው «አላውቅም» ማለት እንግዳን ባዶ እጁን መስደድ ነው፤ ነውር ነው። ስለዚህ ሰዉ ያለውን ይሰጣል። ከሌለውም የሌለውን ፈጥሮ ይሰጣል፤ በልበ ሙሉነት፣ በዱላ እየጠቆመ። እሷ ግን የፍራንክፈርት ልጅ ናትና ይሉኝታ አታውቅም፤ የሌላትን የለኝም ትላለች። ታሳስተኛለች፣ ትዘገያለች፣ ካሜሩን ትወስደኛለች። ሲጠፋባት ግን «ጠፋብኝ» ብላ ትነግረኛለች።

እናም ወገኖቼ፣ መሪው ላይ ፌስታል የለበሰች ጥቁር ነገር ያሰረ ሰው አጠገባችሁ ቆሞ ሄልሜቱን ከፈት አድርጎ መንገድ ቢጠይቃችሁ፣ ካወቃችሁ ንገሩት። ካላወቃችሁ «አላውቅም» በሉት። አይቀየማችሁም፤ ቤንዚን ተወዷል።