ግማሽ እውቀት፣ ሙሉ አፍ

ተራቢ በተሰበሰበበት ተረኛ አይጠፋም፤ የዛሬው ተረኛ ቻትቦት ነው። ቴክኒክ ነክ ጥያቄ ይቀርብለታል፣ ይመልሳል፣ ይተረባል።

ገና ጥያቄውን ሳንጨርስ «እጅግ ግሩም ጥያቄ ነው!» አለን።
— ፈታኙን የሚያሞግስ ተማሪ ያላጠና ነው!

ከ9.11 እና ከ9.9 የቱ ይበልጣል? እ.ኤ.አ. በ2024 ስመ ጥር ቦቶች ሳይቀሩ «9.11» ብለው ነበር።
— ወንድሜ፣ አንተ ገንዘብ አበድረን! 9 ብር ከ90 ወስደን 9 ብር ከ11 ስንመልስልህ «ወለድ ጨመራችሁ» ብለህ ታመሰግነናለህ።

የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ስታክ ኦቨርፍሎው ከተባለው የፕሮግራመሮች መጠያየቂያ ድረ ገጽ 517 የፕሮግራሚንግ ጥያቄዎች ወስደው ቻትጂፒቲን ፈተኑት። ከመልሶቹ 52 በመቶው ስህተት ነበረበት፤ 77 በመቶው ደግሞ የተንዛዛ ነበር።
— ግማሽ እውቀት፣ ሙሉ አፍ!

የሚገርሙት ሰዎቹ ናቸው። መልሶቹን እንዲመዝኑ የተጠየቁት ተሳታፊዎች 39 በመቶ ያህሉን ጊዜ ስህተቱን ሳያዩት አለፉ። አነጋገሩ ያምራላ!
— «አፍ ያለው ያግባኝ» ያለችው ልጅ፣ ይኸው ባሏ መጣላት!

ደጋፊው ተቆጣ፦ «እሱ የድሮው ነው፤ አሁን በጣም ተሻሽሏል።»
— ተሻሽሏል፤ ዓይኑን የሚያጥብበት ጨው ግን አልቀነሰም! ሲያውቅም ሳያውቅም ድምፁ አንድ ነው።

ኮድ ጻፍልን ስንለው ጭራሽ በዓለም ላይ የሌለ ላይብረሪ (ዝግጁ የኮድ ጥቅል) ስም ጠርቶ «ይህን ይጫኑ» አለን። በዚያ ስም ቫይረስ ቀድሞ የሚያስመዘግብ ሰው ካለ ደግሞ ጫኚው አለቀለት።
— ልጁ ሳይወለድ ስም አወጣህለት፤ ክርስትና የሚያነሳው ሌባ ነው!

ትክክል በመለሰው ላይ «እርግጠኛ ነህ?» ብንለው «ይቅርታ፣ ትክክል ብለዋል!» ብሎ ወደ ስህተት ዞረ።
— ምን አልንና ነው ትክክል ያልነው? ጠየቅን እንጂ መቼ መለስን!

እንግዲህ ፍተሻው ይህ ነው፦ መልሱን የምታውቁትን ጠይቁት፣ ያንኑ ጥያቄ ቃሉን ለውጣችሁ ድገሙት፣ ትክክል ሲሆን ተጠራጠሩትና ይጸና እንደሆነ እዩ፣ ኮዱን ሳታስኬዱ አትመኑት።
— ይህን ሁሉ የሚችል ሰው እሱን ምን አስጠየቀው?
— ሥራ ያፋጥንልኛል ብሎ ነዋ!

ለምን «አላውቅም» አይልም? የቻትጂፒቲ ሠሪ የኦፕንኤአይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2025 እንደጻፉት፣ ጥፋቱ የአፈታተኑም ነው። በብዙዎቹ መመዘኛዎች «አላውቅም» ያለ ዜሮ ያገኛል፤ የገመተ ግን ሊቀናው ይችላል። መፍትሔ ያሉት በእርግጠኝነት የተሳሳተውን «አላውቅም» ካለው አብልጦ መቅጣት ነው።

ይህን ጊዜ ማትሪክ ላይ ሙሉውን «ሲ» ያጠቆረው ጓደኛችን ብድግ አለ፦
— ስማ አንተ! እኔ ገምቼ ስወድቅ ቤቴ ተቀመጥኩ፤ አንተ ገምተህ ስትወድቅ አስተማሪ ሆነህ መጣህ?