ማጥፊያውን የት አደረሳችሁት?

ለ፦ የስልኬን ኦፕሬቲንግ ሲስተም ለሚሠራው ድርጅት፣ የገጽታ ዲዛይን ክፍል
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ ስለ አዲሱ ገጽታ የተጠየቅኩትን አስተያየት ስለማቅረብ

ክቡራን ሆይ፣

አስተያየቴን ለመስማት ስለፈለጋችሁ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። እርግጥ የጠየቃችሁኝ ሁሉን ጨርሳችሁ ነው። ሰው ተኝቶ ሳለ ቤቱን አፍርሶ፣ መልሶ ገንብቶ፣ በሩን ከፊት ወደ ጓሮ አዙሮ፣ ጠዋት «እንዴት አገኙት?» የሚል ግንበኛ ከዚህ በፊት አላየሁምና ነገሩ አስደንቆኛል። መልሴን የምገልጽበትም አምስት ኮከብ ሰጥታችሁኛል። ከኮከቦቹ ሥር ያለችው የመጻፊያ ሣጥን ግን የዕድር ጉዳይ አትችልም፤ ገና ስለ ድንኳኑ ሳልጽፍ ሞላች። ስለዚህ በደብዳቤ መጣሁ።

ነገሩ የጀመረው ቅዳሜ ማታ ነው። ስልኬ ላይ አዲስ አፕዴት መጣና ፈቃዴን ጠየቃችሁ። ምርጫው ሁለት ነበር፦ «አሁን» እና «ዛሬ ማታ»። «አልፈልግም» የሚል ፈልጌ አጣሁ። ሽማግሌ የላከ ሰው እንኳ «ልጅቷን አሁን ትሰጡናላችሁ ወይስ ማታ?» ብሎ አይጠይቅም። እኔም ለማዘግየት ያገኘሁት መንገድ እሱ ብቻ ስለሆነ «ዛሬ ማታ» ብዬ፣ ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክቼ ተኛሁ።

በማግስቱ እሑድ የዕድራችን ስብሰባ ነበር። ዕድር ለእናንተ እንግዳ ሊሆን ስለሚችል ላስረዳ፦ ሰው ሲሞት ጡሩንባ የሚያስነፋ፣ ድንኳን የሚተክል፣ ወንበርና ድስት የሚያጓጉዝ፣ ለሐዘንተኛው ገንዘብ የሚያደርስ ሥርዓት ነው። አፕዴት ከተደረገ ቆይቷል። እኔ የዚህ ዕድር ጸሐፊ ነኝ፤ ነበርኩ ብል ይቀናል።

ከእኔ በፊት የነበሩት ጸሐፊ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። መዝገባቸው ጀርባው በፕላስተር የተጠገነ፣ ጠርዙ በሻይ የወየበ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ በብብት የሚያዝ ነበር። ስም በግራ፣ ወር ከላይ፣ ብር በቀኝ። የዛሬ ሦስት ዓመት በስብሰባችን ግቢ ቆሜ «ዘመኑ የቴክኖሎጂ ነው፤ ዝናብ የማይነካው፣ አይጥ የማትበላው መዝገብ በኪሴ አለ» ብዬ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ተጨበጨበልኝ። መምህሩ «እሺ ልጄ፣ ይሁን» አሉና መዝገቡን ጠቅልለው ወደ ቤታቸው ወሰዱት። አልጣሉትም። ይህችን ልብ በሉልኝ።

ከቅዳሴ መልስ፣ 4 ሰዓት ላይ፣ ሁሉም ወንበሩን ይዞ ተቀመጠ። (ስልኬ 10 ሰዓት ነው ይላል፤ እሱን ጉዳይ ዛሬ አላነሳም። ስለ አሥራ ሦስተኛው ወራችንም ዝም እላለሁ።) የዕለቱ ዋና ጉዳይ አንድ ነው። ከአባሎቻችን አንዷ ባሏ ማክሰኞ ሞቶ ረቡዕ ተቀብሯል፤ ገንዘቧ ይሰጣት። ደንባችን የሦስት ወር ውዝፍ ያለበት አባል ገንዘብ አያገኝም ይላል። ስለዚህ ጸሐፊው ስሟን ፈልጎ «ውዝፍ የለባትም» ማለት አለበት። የአምስት ሰከንድ ሥራ ነው።

የዕድሩ ዳኛ «ጸሐፊ፣ እስቲ» አሉ። ተነሣሁ። ስልኬን አወጣሁ።

ዝርዝሩን የያዘችው አፕ አረንጓዴ ነበረች፤ ከታች፣ በቀኝ ጥግ። አውራ ጣቴ የዓይኔን እርዳታ ሳትጠይቅ ታገኛት ነበር። አሁን አረንጓዴ የሚባል የለም። ቀይም የለም፣ ሰማያዊም የለም። ምልክቶቹ በሙሉ ከስክሪኔ ሥዕል ጋር እንዲስማሙ ተብሎ አንድ ዓይነት የፈዘዘ ቀለም ለብሰው፣ ጠርዛቸው ተድቦልቡሎ፣ ለሰልፍ እንደቆሙ የአንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ያዩኛል። ካሜራውን ከፈትኩ። ካልኩሌተሩን ከፈትኩ። የአየር ሁኔታውን ከፈትኩና ፀሐይ እንደሆነ ነገረኝ። እውነቱን ነው፤ ፀሐይ ነበር።

በስንት መከራ ዝርዝሩ ተገኘ። ጽሑፉ ግን ግራጫ ሆኗል፤ ነጭ ላይ የተጻፈ ግራጫ። በጥቅምት ፀሐይ ግራጫ ማለት ምንም ማለት ነው። በእጄ ጋረድኩት፤ አልሆነም። ጀርባዬን ለፀሐይ ሰጠሁ፤ አልሆነም። በመጨረሻ ጋቢዬን ከነስልኩ አናቴ ላይ ጣልኩት። አስቡት እንግዲህ፤ የዕድሩ ጸሐፊ በጉባኤው መካከል፣ እንደ ጥንት ፎቶግራፍ አንሺ፣ በጨርቅ ተሸፍኖ ቆሟል። ከፊት ረድፍ አንድ ልጅ «እማዬ፣ ፎቶ ሊያነሣን ነው?» አለ።

ከጋቢው ሥር ሆኜም የቻልኩትን ያህል አነበብኩ። በእኛ ፊደል «ከ»ን ከ«ካ» የምትለየው አንዲት የእግር ርዝመት ናት። «ተከፈለ» ማለት ገንዘቡ ገብቷል ማለት ነው፤ «ተካፈለ» ሌላ ታሪክ ነው። የፊደላችን እግሮች ቀጫጭን ሲሆኑና ሲፈዝዙ መዋጮና ግብዣ ይምታታል። ጽሑፍ ከመደቡ ቢያንስ 4.5 ለ 1 በሆነ መጠን ደምቆ ይታይ የሚል ዓለም አቀፍ የተደራሽነት መመሪያ መኖሩን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። በፀሐይ ያለውን መጠን እኔ ነግሬያችኋለሁ።

ከዚያ ስክሪኑ ደረቀ። ወደ ላይ ብጎትት፣ ወደ ታች ብገፋ፣ ንቅንቅ የለም። ለዚህ ሁላችንም የምናውቀው መድኃኒት አለ፤ አጥፍቶ ማብራት። የጎኑን ቁልፍ ተጫንኩና ያዝኩ። ስልክ ከያዝኩበት ጊዜ ጀምሮ ይህ ቁልፍ ሲያዝ ስልክ ይጠፋል። ሌላ ሥራ ኖሮት አያውቅም።

አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ ተናገረች። ድምፅዋ ጥርት ያለ፣ ለስላሳ፣ ከጋቢዬ ሥር ለጉባኤው ሁሉ የሚሰማ። በምን ልርዳህ ነው የምትለው።

ግቢው ጸጥ አለ።

«ማናት እሷ?» አሉ አንዲት እናት።

«ስልኩ ናት» አልኩ።

«ስልኩ ወንድ አልነበረም እንዴ?»

ባለቤቴ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። እኔ ቁልፉን እንደገና ያዝኩት፤ ይጠፋል ብዬ። ሴትየዋ እንደገና መጣች። ዳኛው «ኧረ አጥፋት!» ሲሉ እሷም ሰማቻቸውና፣ ምን እንደመሰላት እንጃ፣ የአንድ ምግብ ቤት አድራሻ አቀረበች። ክቡራን ሆይ፣ የማጥፊያ ቁልፍ ሲጫኑት ማውራት እንዲጀምር ያሰበው ባልደረባችሁ ማን እንደሆነ ባውቅ ደስ ይለኛል። ለአንድ ቀን የዕድራችን ጡሩንባ ነፊ ላደርገው እፈልጋለሁ፤ ጡሩንባው ሲነፋ ቡና ይፈላል ብለን ሳንነግረው።

ሣቅ ነበር፤ አልደብቅም። ሰዎች የሣቁት በእኔ ነው፤ ይገባኛልም። ከዚያ ግን ሣቁ ቆመ፤ ምክንያቱም ሐዘንተኛዋ ተነሣች። ጥቁር ለብሳ ከኋላ ከዘመዶቿ ጋር ተቀምጣ ነበር። ማንም አልጠየቃትም። የእኔ መንተፋተፍ ግን እንደ ጥያቄ ሆኖባት ነው መሰለኝ፣ ውዝፍ ተገኝቶብኝ ይሆናል፣ ሊነግሩኝ አፍረው ይሆናል ብላ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ከፍያለሁ። በልጆቼ፣ ከፍያለሁ» አለች።

እዚህ ላይ ወጉ ያልቅብኛል። ይህች ሴት ባሏን የቀበረችው ረቡዕ ነው። እሑድ ደግሞ እናንተ ቀለም አስማማችሁ ተብሎ፣ ጎረቤቶቿ ፊት ቆማ በልጆቿ ማለች። በወር በወሩ ስትከፍል የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ መክፈሏን አውቃለሁ፤ ማሳየት አቃተኝ። ማን ፈቀደላችሁ? ስልኩን በገንዘቤ ነው የገዛሁት። ጣቴ ሦስት ዓመት የተመላለሰችበት መንገድ የእኔ ነው፤ እናንተ አልሠራችሁትም፣ እኔ ነኝ በልምድ የሠራሁት። በሌሊት ገብታችሁ አጠፋችሁት። ሌባ እንኳ የሚወስደውን ይዞ ይሄዳል እንጂ የቀረውን ዕቃ ቦታ አይቀያይርም።

ይቅርታ። ክቡራን ብዬ ጀምሬያለሁና በዚያው ልቀጥል።

መምህሩ በዚህ ጊዜ ብድግ አሉ። የፌስታል ድምፅ ሰማሁ። ያንን ድምፅ ከሺህ ድምፅ እለየዋለሁ። መዝገቡን አወጡ፣ መነጽራቸውን ጠረጉ፣ ገጹን በምራቃቸው ገለጡ። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ እኔ በየስብሰባው ስም ባነበብኩ ቁጥር፣ እሳቸው ከኋላ ግንቡ ሥር ተቀምጠው ሲጽፉ ኖረዋል። አንድም ቀን አልነገሩኝም። «ሐምሌ፣ መቶ ብር። ነሐሴ፣ መቶ ብር። መስከረም፣ መቶ ብር። ውዝፍ የለባትም» ብለው አነበቡ። ወደ እሷም ዞረው «ተቀመጪ ልጄ፣ እግዜር ያጥናሽ» አሉ። ከዚያ እስክሪብቶውን ለእኔ አቀበሉኝ፤ ጸሐፊው አንተ ነህና ፈርም ብለው። ቢሳለቁብኝ ይሻለኝ ነበር።

ማታ ነው እንግዲህ አስተያየቴን የጠየቃችሁኝ።

በዚህ ብቻችሁን አይደላችሁም፤ ጎረቤቶቻችሁም እንደ እናንተው ናቸው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2012 ዊንዶውስ 8ን ሲያወጣ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን የማስጀመሪያ ቁልፍ አነሣ፤ ጩኸቱ ሲበረታ በዓመቱ ቁልፉን መለሰ፤ ሙሉ ሜኑው እስኪመለስ ግን 2015 ሆነ። የአፕል ስልክ መጀመሪያ በ2007 ሲወጣ የማስታወሻ ገጹ ልክ እንደ መምህሩ መዝገብ የተሰመረ ወረቀት ይመስል ነበር፤ በ2013 ያረጀ ነው ተብሎ ተጣለ፣ ፊደሉም ቀጠነ። በ2025 ደግሞ ሁሉን መስታወት አደረጉት፤ ብዙ ሰው ማንበብ ተቸገርኩ ሲል በጥቂት ወራት ውስጥ መስታወቱን የሚያደበዝዝ ምርጫ ጨመሩ። ጎግል በዚያው ዓመት አዲስ ገጽታ ሲያስተዋውቅ 46 ጥናት አድርጌ ከ18,000 በላይ ሰዎች ተሳትፈውልኛል፣ ሰዎቹም ዋናውን ቁልፍ እስከ አራት እጥፍ ፈጥነው አገኙት ብሏል። እኔ ጥናቱን አልጠራጠርም። ከ18,000ዎቹ መካከል በጋቢ ተሸፍኖ የተጠየቀ ስንት እንደነበር ብቻ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ሁለት ዐረፍተ ነገሬን በዚያች የመጻፊያ ሣጥን በላክሁ በደቂቃው መልስ መጣ። ስለ አስተያየቴ አመሰገናችሁኝ፤ ቀጥሎም ምስጋናችሁን በኮከብ እንድመዝን ጠየቃችሁኝ። አንድ ሰጠኋችሁ፤ ባዶ የሚል ስለሌለ።

የድሮውን ገጽታ መልሱልኝ አልልም። አትመልሱትም። ሽበታም ነው፣ ለውጥ ይፈራል እንዳትሉኝም፣ መዝገብ በስልክ ይያዝ ብሎ የተሟገተው እኔው ነበርኩ፤ ለእናንተ ሥራ በነጻ ያስተዋወቅሁ ሰው ነኝ። የምጠይቃችሁ አንዲት ቃል ነው። ከ«አሁን» እና ከ«ዛሬ ማታ» ቀጥላ «አልፈልግም» የምትል ትጻፍልኝ፤ በጥቁር፣ በወፍራሙ።

ስልኩን ማጥፋትንም በመጨረሻ ተምሬያለሁ። የጎኑንና የድምፁን ቁልፍ አንድ ላይ መያዝ ነው። ያሳየኝ የጡሩንባ ነፊያችን የልጅ ልጅ ነው፤ 12 ዓመቱ ነው። ያ በጋቢ ተሸፍኜ ሲያየኝ ፎቶ ሊያነሣን ነው ያለው ልጅ፣ እሱ ነው።

ከሰላምታ ጋር

የወንበርና የድስት ኃላፊ (የቀድሞ ጸሐፊ)

ግልባጭ፦
ለዕድሩ ዳኛ
ለባለቤቴ፣ ስለ ሴትየዋ ማብራሪያ እንዲሆን
ከእኔ በፊትም ከእኔ በኋላም ለሆኑት ጸሐፊ፣ በፌስታል