ሪፖርት ካርዱ ተፈለገ

የሎስ አንጀለስ ከተማ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ በሰየመው የፌርፋክስ ጎዳና፣ ለ16 ዓመት ጎረምሳ ከባዱ ነገር ሰሃን ማጠቡ አይደለም። «ተቀጥረሃል» ከተባለ በኋላ ተቀጥሮ መቆየቱ ነው።

እናት ቡና አፍልታ፣ አክስት በስልክ እልል ብላ ሳትጨርስ፣ ቅጽ አይ-ናይን ይመጣል። ይህ ቅጽ ፕሬዚዳንት ሬገን እ.ኤ.አ. በ1986 የፈረሙት የኢሚግሬሽን ሕግ ልጅ ነው። ማንነትና የመሥራት መብት ሥራ በተጀመረ በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ በወረቀት መታየት አለባቸው። ከተፈቀዱት ወረቀቶች መራጩ ሠራተኛው ነው፤ አሠሪ «ፓስፖርት ካልሆነ አልቀበልም» ማለት በሕግ ተከልክሏል። ስለዚህ የፈራ አሠሪ እንዲህ አይልም፤ «ቦታው ተይዟል» ይላል።

ሕጉ ግን ለልጆች ርኅሩኅ ነው። ከ18 ዓመት በታች ሆኖ መታወቂያ የሌለው ልጅ ማንነቱን በክሊኒክ መዝገብ፣ በሪፖርት ካርድ፣ ካልሆነም በመዋዕለ ሕፃናት ማስረጃ ያሳያል፤ ሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ ይጨመርበታል። ሒሳብ የወደቀበትን ካርድ ፍራሽ ሥር የደበቀ ጎረምሳ አሁን በሁለት እጁ ያቀርበዋል።

ካሊፎርኒያም የራሷን ታክላለች፦ የትምህርት ቤት የሥራ ፈቃድ፣ ክረምትም ቢሆን። ለመቀጠር ፈቃድ፣ ለፈቃዱ ደግሞ የቀጣሪና የወላጅ ፊርማ ያስፈልጋል። እናት በአባቷ ስም ትፈርማለች፤ ልጁ በአባቱ ስም ይጠራል። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ሁለቱን ስሞች አስተያይታ ትጠይቃለች፦

«እኚህ ሴትዮ ምንህ ናቸው?»